«ስንት ናችሁ?»

ዳንጀነስ ላይ አፈር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከኬንት ጠረፍ ወደ ባሕሩ ሾልኮ የወጣ የጠጠር ምድር ነው፤ በአውሮፓ ካሉት ሰፋፊ የጠጠር ዳርቻዎች አንዱ። ዛፍ የለም፤ አጥር የለም፤ ነፋሱን የሚመልስ ኮረብታ የለም። የፊልም ሠሪው ዴሪክ ጃርማን የኖረባት፣ በጥቁር ሬንጅ የተቀባችና የመስኮቶቿ ክፈፍ ቢጫ የሆነ ትንሽ የእንጨት ቤት አለች። ወዲያ ማዶ ሥራ ያቆሙ ሁለት የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ተገትረዋል። በ1904 የተሠራ አሮጌ የመርከብ መብራት ማማ አለ፤ ማመንጫው ብርሃኑን ስለሚጋርድበት በ1961 አዲስ ማማ ተተክቶለታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወደዚያ የምታደርሰው ከትልቁ ባቡር ሲሶውን የምታህል፣ በእንፋሎት የምትሄድ ባቡር ናት፤ ጉልበቴን አጥፌ፣ አንገቴን ሰብሬ ከሃይዝ ከተማ ተሳፈርኩባት። ስወርድ ጠጠሩ ተቀበለኝ። ጠጠር ላይ መሄድ አሸዋ ላይ ከመሄድ ይብሳል፤ እግር ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። የድሮዎቹ ነዋሪዎች ከጫማቸው ሥር ጠፍጣፋ ጣውላ እያሰሩ ይሄዱ ነበር የሚለውን ሳነብ የቱሪስት ወሬ መስሎኝ ነበር። መቶ ሜትር ሳልሄድ አመንኩ።

የሄድኩት የነፍስ አድን ጀልባ ለማየት ነው። ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፐርማርኬት በር ላይ የገንዘብ መሰብሰቢያ ጣሳ ይዘው ከሚቆሙት ሰዎች አንዱ ነኝ። ድርጅታችን በአጭሩ አር ኤን ኤል አይ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ንጉሣዊው ብሔራዊ የነፍስ አድን ጀልባ ተቋም ነው። ንጉሣዊ ይባል እንጂ የንጉሥም የመንግሥትም መሥሪያ ቤት አይደለም። በብሪታንያና በአየርላንድ ዳርቻዎች ከ230 በላይ ጣቢያዎች ያሉት፣ ጀልባዎቹን በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱለት፣ በሕዝብ መዋጮ የሚኖር የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እንዴት ገባህበት ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ጣሳ የምትይዘው ጎረቤቴ ጉልበቷን ታመመችና ለአንድ ቅዳሜ ተካኋት፤ እሷ ዳነች፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ጓደኞቼ ግን ይህ መልስ አይበቃቸውም። «ቀይ ባሕር ላይ ያጣነውን ወደብ ቴምዝ ላይ ልታስመልስልን ነው?» ይሉኛል። ባሕር በሌለው አገር ያደገ ሰው ስለ ጀልባ ሲያወራ ቢቀልዱበት አይፈረድባቸውም።

ጣሳ ይዞ መቆም ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ግን ሰው ቆም ብሎ «ገንዘቡ ምን ይሠራል?» ሲል፣ ያላዩትን ነገር ማስረዳት አፍ ያደርቃል። ብሮሹሩን በቃሌ ይዤው ነበር፤ በቃል የያዙት ነገር ግን ነፋስ ላይ ለቆመ ሰው አይደርስም። አስተባባሪያችንም ይህን ታውቃለችና አዲስ ለሚገባ ሁሉ የምትለው አንድ ነው፤ «ሂድና አንድ ጣቢያ እይ፤ ከዚያ በኋላ የምትለውን እኔ አልነግርህም።»

የዳንጀነስ ጣቢያ ትልቅ መጋዘን ነው። በሩን አልፈህ ስትገባ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ጀልባው አይደለም፤ በግድግዳው ሥር የተደረደሩት ቢጫ ቦት ጫማዎች ናቸው። ባዶ ጫማ አይደሉም። ውሃ የማያስገባው ሱሪ ቦቱ ውስጥ እንደገባ ወደ ታች ተሰብስቦ እላያቸው ላይ ተቆልሏል፤ የሚሮጥ ሰው ሁለት እግሩን ጫማው ውስጥ ሰክቶ ሱሪውን ወደ ላይ ሲስብ ለብሶ ያበቃል። አንዱ ቦት ተረከዙ ላይ የኳስ መሙያ ላስቲክ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። የአንደኛው ሱሪ ጉልበት ከሌሎቹ ይበልጥ ገርጥቷል፤ ባለቤቱ ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ፤ ጠይቄ አላረጋገጥኩም።

ጀልባው ሻነን የሚባለው ዓይነት ነው። ርዝመቱ 13.6 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 18 ቶን፣ ፍጥነቱ 25 ኖት፣ በየብስ ስንለካው በሰዓት ወደ 46 ኪሎ ሜትር። ከታች የሚሽከረከር የብረት ምላጭ የለውም፤ ውሃ ከሥሩ እየሳበ ወደ ኋላ በመርጨት ነው የሚሄደው። ቢገለበጥ በራሱ ተመልሶ ይቀናል። ወደብ በሌለበት እንደ ዳንጀነስ ያለ ዳርቻ ይህ ሁሉ ለጌጥ አይደለም። ሰንሰለት እግር ያለው ግዙፍ ትራክተር ጀልባውን ከነሠረገላው እየገፋ ሞገዱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ጀልባው ከሠረገላው ላይ ተነሥቶ ይሄዳል። በሄድኩበት ቀን ልምምድ ነበርና አየሁት። መሄዱን ጠብቄው ነበር፤ አመላለሱን ግን አልጠበቅኩትም። የጀልባው መሪ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በቀጥታ ወደ ጠጠሩ መጣ። ወደ ኋላ ያፈገፈግነው ጎብኚዎቹ ብቻ ነን። ጀልባው በሆዱ ጠጠሩ ላይ እየተንኮሻኮሸ ወጥቶ ቆመ። ትራክተሩ ስቦ ሠረገላው ላይ አወጣውና፣ ሠረገላው እዚያው ላይ ዞሮ የጀልባውን አፍንጫ እንደገና ወደ ባሕሩ መለሰው።

ከዚያ ማጠብ ተጀመረ። ማዳኑን በፊልም አይተነዋል፤ ማጠቡን ማንም አያሳየንም። ጨው ብረት ይበላልና ጀልባው፣ ትራክተሩ፣ ሠረገላው፣ ገመዱ፣ የእያንዳንዱ ሰው ልብስ ጨው በሌለው ውሃ ይታጠባል። ነዳጁ ይሞላል። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ አንድ በአንድ እየተገለበጡ ይታያሉ። በልምምዱ ላይ ከጠፋው ጊዜ እጥበቱ የወሰደው ሳይበልጥ አይቀርም። ሰዎቹ እርስ በርስ የሚያወሩት ስለ ባሕር አልነበረም፤ አንዱ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ሌላው ስለሚያንጠባጥብ ጣሪያው ነበር። ለሚቀጥለው ጥሪ ጀልባው ሳይሰናዳ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም፣ ጠዋት ሥራ ቢኖርም።

የጣቢያውን አነስተኛ ሱቅ የምትጠብቀው ሰባ ዓመት ያለፋት በጎ ፈቃደኛ ነች። የመጣሁበትን ስትጠይቀኝ ኢትዮጵያ አልኳት፤ «ረጅም መንገድ ነው ጠጠር ለማየት» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። ከዚያ የእናቷን ታሪክ ነገረችኝ። በዚህ ዳርቻ የሚኖሩት ጥቂት የዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ነበሩ። ጥሪ ሲመጣ ወንዶቹ ጀልባው ላይ ይወጣሉ፤ ታዲያ ያንን ከባድ የእንጨት ጀልባ ባሕሩ ድረስ ማን ያድርሰው? ሴቶቹ። ጠጠሩ ላይ ቅባት የተቀባ ጣውላ እየደረደሩ፣ ጀልባው ሲያልፍ የኋላውን ጣውላ አንሥተው ወደ ፊት እየሮጡ፣ ገመድ እየጎተቱ ነበር የሚያወርዱት። ይህ የአያት ዘመን ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የዘለቀ ነው። «እናቴ ከሌሊት ልብሷ በላይ ካፖርት ደርባ ትወጣ ነበር» አለችኝ። «ጣውላውን ስታነሣ ቅባቱ እስከ ክርኗ ይደርሳል፤ ተመልሳ ለእኛ ቁርስ ስትሠራ ሽታው ዳቦው ላይ ነበር።» ባሏንና ወንድሞቿን በገዛ እጇ ወደ ማዕበል የምትገፋ ሴት ተመልሳ ዳቦ ትቆርሳለች። ሴትዮዋ ይህን ስታወራ ፊቷ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ ወዲያው ቁልፍ መያዣ የሚገዛ ልጅ መጣና ሒሳብ መለሰችለት።

ጥሪው አሁን የሚመጣው በፔጀር ነው። ባሕር ላይ አደጋ ያየ ሰው 999 ይደውልና የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ይላል። ጠረፍ ጥበቃው የመንግሥት ነው፤ እሱ በአቅራቢያው ያለውን ጣቢያ ይጠይቃል፤ የጣቢያው ኃላፊ ይፈቅዳል፤ በየሰዉ ወገብ ላይ ያለው ፔጀር ይጮኻል። ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን ይጥላል፤ መምህሯ ክፍሉን ለባልደረባዋ ትሰጣለች፤ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ትቶት ይሮጣል። የመጨረሻው ቀልድ ነው ብዬ ነበር፤ ማጠቢያው አጠገብ የቆሙት ሰዎች ግን ደርሷል ብለው ማሉልኝ። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ከጀልባ ቡድኑ አባላት የባሕር ሙያ ይዞ የሚገባው ከአሥር አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘጠኙ ከዜሮ ይማራል፤ ለዚህም በደቡብ እንግሊዝ ፑል ከተማ ውስጥ ኮሌጅ ተሠርቶላቸዋል፤ ሰው ሠራሽ ሞገድ የሚነሣበት ገንዳ አለው፤ መብራት ጠፍቶ፣ ጀልባ ተገልብጦባቸው እዚያ ይለማመዳሉ።

ይህን ሁሉ ያመነጨው ሰር ዊልያም ሂላሪ የሚባል ሰው ነው። ከ1808 ጀምሮ አይል ኦፍ ማን በምትባለው ደሴት፣ ዳግላስ ከተማ ይኖር ነበር። መርከብ በየክረምቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ሲሰበር ያያል። በ1823 ለእንግሊዝ ሕዝብ አንድ የጥሪ ጽሑፍ አሳተመ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ ማርች 4 ቀን 1824 ለንደን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ድርጅቱ ተመሠረተ። እኔን የገረመኝ በጽሑፉ ውስጥ ያስገባው አንድ ሐሳብ ነው፤ የሚድነው ሰው የየትኛውም አገር ሰው ይሁን፣ ዘመኑ የሰላምም ይሁን የጦርነት፣ እኩል ሊረዳ ይገባል ይላል። ከናፖሊዮን ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና አሥር ዓመት አልሞላም። የፈረንሣይ መርከብ ሲሰበር እሰየው የሚል ሰው በየመንደሩ ሳይኖር አይቀርም። ሂላሪ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ በ1830፣ በ59 ዓመቱ፣ ሴንት ጆርጅ የምትባል መርከብ ዳግላስ ወደብ አጠገብ ስትሰበር ራሱ ወጣ። ማዕበሉ ከጀልባው ጠርጎት የጎን አጥንቱ ተሰበረ፤ የመርከቧ ሰዎች ግን ሁሉም ተርፈዋል።

መንግሥት ከ1854 እስከ 1869 ድረስ ድጎማ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጀልባው ሥራ በሰው ኪስ ቆመ። የእኔ ጣሳ ታሪክም እዚህ ላይ ይጀምራል። በዲሴምበር 1886 ሜክሲኮ የምትባል የጀርመን መርከብ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ ተቸገረች። የሊታም ጀልባ ሰዎቿን ሲያድን፣ አብረው የወጡት የሴንት አንስና የሳውዝፖርት ጀልባዎች ተገለበጡ። 27 ነፍስ አዳኞች ሞቱ፤ መበለትና ወላጅ አልባ ልጅ መንደሩን ሞላው። ቻርልስ ማካራ የሚባል የጥጥ ነጋዴ ገንዘቡ ከጥቂት ሀብታሞች ብቻ እንደሚመጣ ሲያይ በ1891 ማንቸስተር ላይ ነገሩን ወደ መንገድ አወጣው። ሙዚቃ እያስመታ፣ ጀልባ በከተማው መሐል እያስጎተተ፣ ሳንቲም አስለመነ። ፎቅ ላይ ካለ መስኮትና ከትራም ሰገነት ላይ ለሚወረውሩትም በረጅም ዘንግ ጫፍ ከረጢት አሠርቶ ነበር። ዛሬ በዓለም ከተሞች መንገድ ላይ የምናየው የበጎ አድራጎት ልመና ከዚያ ቀን የተወለደ ነው ይባላል። እኔ ዘንግ የለኝም፤ ፎቅ ላይ ያሉትም ዛሬ በስልካቸው ነው የሚከፍሉት።

ይህን ነገር ለራሴ ያስረዳሁት በእድር ነው። እድር ማን እንደሚሞት ሳያውቅ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ጥሩምባ ሲነፋ ዕቃው ይወጣል። እዚህም ማን እንደሚሰጥም ሳይታወቅ ጀልባው ተገዝቶ፣ ታጥቦ፣ ነዳጁ ሞልቶ ይቀመጣል። ልዩነቱ የእኛ እድር መዝገብ አለው፤ ውዝፍ ያለበት ሰው ይጠየቃል፤ የእነዚህ መዝገብ የለውም። ገንዘቡን የሚሰጠውና ጀልባው የሚደርስለት ሰው ሊተዋወቁ ቀርቶ በአንድ ዘመን እንኳ ላይኖሩ ይችላሉ። ከአሥር የጀልባ ስምሪት ስድስቱ የሚሸፈነው ሰዎች ሲሞቱ በኑዛዜ ትተውት በሚሄዱት ገንዘብ ነው። ጀልባዎቹ ላይ የተጻፉት ስሞች ብዙዎቹ ባሕር ዳር ኖረው የማያውቁ ሰዎች ስሞች ናቸው።

ከዳንጀነስ በኋላ ወደ ሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ ኮርንዎል ሄድኩ። ማውዝል ጠባብ መንገዶች ያሏት፣ የድንጋይ ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉባት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ከመንደሯ ወጣ ብሎ፣ ፔንሊ በሚባለው ገደል ላይ አንድ የጀልባ ቤት አለ፤ ጀልባ ግን የለበትም። ዲሴምበር 19 ቀን 1981 ምሽት ዩኒየን ስታር የምትባል፣ ከኔዘርላንድስ ወደ አየርላንድ የመጀመሪያ ጉዞዋን የምታደርግ የጭነት መርከብ ሞተሯ ጠፍቶ ወደ ቋጥኙ ትነዳ ጀመር። ስምንት ሰው ነበረባት፤ አምስት ባሕረኞች፣ የካፒቴኑ ባለቤትና ሁለት ልጆቿ። ሄሊኮፕተር ሞክሮ ገመድ ማውረድ አልቻለም። ማዕበሉ እስከ 18 ሜትር ይደርስ ነበር፤ የአምስት ፎቅ ያህል ማለት ነው። ሶሎሞን ብራውን የምትባለው የእንጨት ጀልባ ስምንት በጎ ፈቃደኞች ይዛ ወጣች። መሪው ትሬቪሊያን ሪቻርድስ ሰዎቹን ሲመርጥ ኒል ብሮክማን የሚባል የ17 ዓመት ወጣት እየሮጠ ደርሶ ነበር፤ አባቱ ቀድሞ ተመርጧልና ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አልወስድም ብሎ መለሰው።

ከጀልባዋ የመጣው የመጨረሻ የሬዲዮ መልእክት ቁጥር ነበር፤ አራት ሰው እንደያዙ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው አልተረፈም፤ 16 ሰው። አራቱን ይዘው ለምን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም የሚለውን ጥያቄ እዚያ ገደል ላይ ቆሜ ለብዙ ጊዜ አመላለስኩት። መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ ስምንት እንደሆኑ ያውቁ ነበር፤ አራት ይቀራል። ይህን ጀግንነት ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ሜዳልያውም ተሰጥቷል። እኔ ግን ከጀግንነቱ ይልቅ ሒሳቡ ነው የያዘኝ።

አንድ ቀን ሳይሞላ ከመንደሯ አዲስ ቡድን የሚሞላ ሰው ተመዘገበ። ያ የተመለሰው ወጣት ኋላ ራሱ የጣቢያው ጀልባ መሪ ሆኗል። ማውዝል በገና ሰሞን ወደቧን በመብራት ታሸበርቃለች፤ በየዓመቱ ዲሴምበር 19 ምሽት ላይ ግን መብራቱ ለአንድ ሰዓት ይደበዝዛል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሟቾቹ ቤተሰቦች ሕዝቡ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲያዋጣ የግምጃ ቤት ሰዎች ግብር ሊቆርጡበት አስበው ነበር፤ አገሩ ሲጮህባቸው ተዉት። የትም አገር ግብር ሰብሳቢ ግብር ሰብሳቢ ነው።

ወደ ኬንት እንመለስ፤ ምክንያቱም ዛሬ ጣሳዬን የሚያከብደውም የሚያቀለውም የኬንት ጠረፍ ነው። ከዶቨር እስከ ፈረንሣይ ዳርቻ ያለው ርቀት በጠባቡ በኩል ከ34 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ አይሞላም። በዓለም መርከብ ከሚበዛባቸው የባሕር መንገዶች አንዱ ነው። በዚህ ላይ በአየር የሚነፉ ደካማ ጀልባዎች ውስጥ ታጭቀው የሚሻገሩ ስደተኞች መጡ። የዳንጀነስ ጀልባም ደጋግሞ ወጥቶ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሰዎችን በዚያ ጠጠር ላይ አውርዷል። በ2021 በጋ አንዳንድ ፖለቲከኞች ድርጅቱን የስደተኞች ታክሲ ብለው ወረፉት። ድርጅቱ አላንገራገረም፤ ሥራችን ሰጥሞ የሚሞትን ማዳን ነው አለ። ሕዝቡም በአንድ ቀን ከ200,000 ፓውንድ በላይ በኢንተርኔት አወረደለት።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ሌሊት አንድ ጀልባ በሁለቱ አገሮች የውሃ ድንበር ላይ ተዳከመ። ውስጡ ያሉት ሰዎች ለሁለቱም ወገን ደጋግመው ደወሉ። ጥሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከባለል ነጋ። ቢያንስ 27 ሰው ሞተ፤ ሁለት ብቻ ተረፉ። ብዙዎቹ ከኢራቅ የመጡ ኩርዶች ነበሩ፤ ከሞቱት መካከል የእኛም ሰዎች ነበሩበት። ለንደን ውስጥ ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያኖችና ቡና ቤቶች ያ ሳምንት ምን ይመስል እንደነበር ያለፈበት ያውቀዋል።

ጣሳ ይዤ ስቆም የሚወርፈውም የሚሰጠውም ሰው ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ፊቴን አይቶ፣ ጣሳውን አይቶ፣ «ለአንተ ሰዎች ነው አይደል የምትሰበስበው?» አለኝ። መልስ አዘጋጅቼ ሳልጨርስ ሄደ። ከኋላው የነበረች ሴት ሁሉን ሰምታለች፤ ቦርሳዋን ከፍታ ያላትን ሳንቲም በሙሉ ገለበጠችውና እሷም ምንም ሳትለኝ ሄደች። እውነቱን ለመናገር የሴትዮዋም ነገር በሙሉ ልብ አላስደሰተኝም፤ የሰጠችው ለሰጠመ ሰው ይሁን ለሽማግሌው ንዴት ማወቅ አልቻልኩም። ሳንቲሙ ግን ሳንቲም ነው።

ነገሩን የቆረጠልኝ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ያገኘሁት አንድ ወጣት ነው። በዚያው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ጀልባቸው ውሃ መሙላት ስትጀምር ነፍስ አዳኞች ደርሰውላቸዋል። ብዙ ማውራት አይወድም። አንድ ቀን ወንበር እየደረደርን ድንገት፣ «ጋሼ፣ ሲደርሱብን መጀመሪያ ምን እንዳሉን ታውቃለህ?» አለኝ። «ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ የሚሉን መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ሰውየው ግን ጣቱን እያሳየ ስንት ናችሁ? ነው ያለው። ስንት ናችሁ? ሕፃን አለ? ውሃ ውስጥ የገባ አለ? ቆጠረን። ጀልባቸው ላይ አውጥቶም እንደገና ቆጠረን።» ወንበሩን አጠፈና፣ «አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ብዙ ሰው ቆጥሮኛል፤ እንደዚያ የቆጠረኝ ግን የለም» አለ። ደላላ እንዴት እንደሚቆጥር እሱ ያውቃል፤ አላስጨረስኩትም።

ከዚያ ወዲህ ጣሳውን ሳልተው ሌላ ሥራ ጨመርኩ። ድርጅቱ ስለ ውሃ ደኅንነት በየሰፈሩ የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ እኔም ሥልጠናውን ወስጄ በአማርኛ ማስተማር ጀመርኩ። ትምህርቱ አጭር ነው። በእነዚህ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ባሕር አማካይ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ደግሞ ድንጋጤ ይፈጥራል። ድንገት የወደቀበት ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ፕሮፌሰር ማይክ ቲፕተን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በብርድ ደርቆ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ድንጋጤው ግን ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። እስከዚያ መታገል አያስፈልግም። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ጣል ማድረግ፣ ጆሮ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ እጅን ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ፣ እግር ወደ ታች ቢወርድ መተው፤ ትንፋሽ ሲመለስ መጣራት። በዳር ያለው ሰው ደግሞ ዘሎ አይግባ፤ 999 ይደውል፣ ገመድ ይወርውር፣ ገመድ ከሌለ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር። ይህን የመጨረሻውን ስናገር ሁሌም ክርክር ይነሣል። እኛ አገር አንዱ ወንዝ ሲወስደው ወንድሙ ይዘላል፣ ሁለቱንም ስናወጣ እንኖራለን፤ ቆሞ መወርወር ፈሪነት ይመስላል። በዚህ ጉዳይ ማንንም አሸንፌ አላውቅም፤ በየክፍሉ ጥቂት ሰው ዝም ይላል፣ እሱም ይበቃኛል።

ለትምህርቱ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ባሕር ዳር የሚኖር ልጅ አላቸው፤ በበጋ የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ። የማላውቀውን ጥያቄ የሚጠይቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እኔ የማውቀው ውሃ ጠበል ነው፤ እሱም በላዬ ይፈሳል እንጂ እኔ አልገባበትም» አሉኝ። «ተንሳፈፉ ትላለህ፤ እንዴት ነው ሰው ሳይሞክር የሚንሳፈፈው?»

ትክክል ነበሩ። የመዋኛ ገንዳ አስተዳዳሪ አነጋግሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ብቻ አንድ ሰዓት አስፈቀድኩ፤ አስተማሪዋም ሴት ነች። ዜናውን ስነግራቸው ብዙ አሰቡ።

«ውሃው ይሞቃል?»

«ሀያ ስምንት ዲግሪ ነው እማማ፤ ከባሕሩ ይሻላል።»

«ልብሱስ?»

«እጅጌና እግር የሚሸፍን የዋና ልብስ አለ፤ ሻሽም አለው።»

«ደግ» አሉ። «አንተ ግን ትመጣለህ?»

«የሴቶች ነው ያልኩዎት እኮ።»

«ውስጥ ግባ አላልኩህም» አሉኝ፤ «ውጭ ሆነህ ነጠላዬን ትይዝልኛለህ።»